ከድንበሩ ሽቦ እስከ ዕዳው መዝገብ፦ የሃንጋሪው ጊዩላ ሆርን የሥራ ዘመን ምን ያስተምራል?

ትንታኔ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 13 ቀን 2024 የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በሃንጋሪ ላይ የ200 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ከዚህም በተጨማሪ ሀገሪቱ ውሳኔውን ሳትፈጽም ለምትቆይበት ለእያንዳንዱ ቀን 1 ሚሊዮን ዩሮ እንድትከፍል አዘዘ። የቅጣቱ ምክንያት ሃንጋሪ ጥገኝነት ጠያቂዎችን የምታስተናግድበት ሥርዓት የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል ሲል ፍርድ ቤቱ በ2020 የሰጠው ብይን ሳይከበር በመቅረቱ ነው። የቡዳፔሽት መንግሥት በበኩሉ የኅብረቱን የውጭ ድንበር እየጠበቀ ሳለ መቀጣቱ ፍትሐዊ አይደለም በማለት ተቃውሞውን አሰምቷል።

ይህ ዜና በተሰማ ጊዜ በዕድሜ የገፉ አውሮፓውያን አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ማስታወሳቸው አልቀረም። በፎቶግራፉ ላይ ሁለት ባለሥልጣናት ትልቅ የሽቦ መቁረጫ ይዘው የድንበር አጥር ሲቆርጡ ይታያሉ። አንደኛው የኦስትሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሎይስ ሞክ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የሃንጋሪው አቻቸው ጊዩላ ሆርን ናቸው። ቀኑ ጁን 27 ቀን 1989፣ ቦታውም የሾፕሮን ከተማ አካባቢ ነበር። ድንበር በመክፈቷ ስሟ በታሪክ የተጻፈው ሀገር፣ ከ35 ዓመታት በኋላ ድንበሯን በምትጠብቅበት መንገድ ተከሳ ተቀጣች። በእነዚህ ሁለት ክንውኖች መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት የሆርንን የሥራ ዘመን መከተል ይጠቅማል። እኚህ ሰው በገንዘብ ሙያ ተምረው፣ በዲፕሎማትነት አድገው፣ በመጨረሻም ሀገራቸውን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩ ናቸውና።

ከሂሳብ መዝገብ ወደ ኤምባሲ

ጊዩላ ሆርን በ1932 በቡዳፔሽት ከአንድ ድሃ የሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። ኮሚኒስት የነበሩት አባታቸው በ1944፣ ጀርመኖች ሃንጋሪን በያዙበት ዓመት፣ ተገደሉ። ልጁም ገና በለጋ ዕድሜው የጉልበት ሥራ ለመሥራት ተገደደ። ከጦርነቱ በኋላ ሥልጣን የያዘው የኮሚኒስት ሥርዓት ለእንዲህ ዓይነት ልጆች የትምህርት በር ከፈተላቸው። ሆርንም ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው በሮስቶቭ ከተማ የኢኮኖሚክስና የፋይናንስ ትምህርታቸውን ተከታትለው በ1954 ተመረቁ። የመጀመሪያ ሥራቸው በገንዘብ ሚኒስቴር ነበር።

በ1959 ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወሩ። በ1960ዎቹ በሶፊያና በቤልግሬድ በሚገኙት የሃንጋሪ ኤምባሲዎች አገለገሉ። በተለይ የቤልግሬድ ቆይታቸው ጠቃሚ ነበር፤ ዩጎዝላቪያ ከሞስኮ ትእዛዝ ውጭ የምትመራና ዜጎቿ ለሥራ ወደ ምዕራብ አውሮፓ እንዲሄዱ የምትፈቅድ ሶሻሊስት ሀገር ነበረችና። ከ1969 ጀምሮ በገዢው ፓርቲ የውጭ ግንኙነት ክፍል ሠርተው በ1983 የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በ1985 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዴኤታ፣ በሜይ 1989 ደግሞ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በምሥራቅ አውሮፓ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፓርቲ ባለሥልጣናት የሚጋሩት ነው። ልዩነቱን ያመጡት በ1989 ክረምትና በ1995 የጸደይ ወራት የተወሰኑ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው።

አጥሩን ያስፈረሰው ገንዘብ

ሃንጋሪ ከኦስትሪያ ጋር በምትዋሰንበት ድንበር የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ማስጠንቀቂያ አጥር በ1980ዎቹ መጨረሻ አርጅቶ ነበር። የዱር እንስሳና ነፋስ በነካው ቁጥር የድንበር ዘቦች በከንቱ ይሯሯጣሉ። የማይዝገውን ሽቦ ለመተካት ደግሞ ከምዕራብ ሀገር በውጭ ምንዛሪ መግዛት ያስፈልጋል። ሀገሪቱ ግን በዚያን ጊዜ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የውጭ ዕዳ ነበረባት፤ ይህም ለሕዝቧ ቁጥር ሲካፈል በምሥራቅ አውሮፓ ከፍተኛው ነበር።

ሌላም ምክንያት ነበረ። ከጃንዋሪ 1988 ጀምሮ ሃንጋሪያውያን ወደየትኛውም ሀገር የሚያስኬድ ፓስፖርት ማግኘት ችለው ነበር። ስለዚህ አጥሩ በአብዛኛው የሚይዘው የሃንጋሪን ዜጎች ሳይሆን በእርሷ በኩል ለማምለጥ የሚሞክሩ የሌሎች ሶሻሊስት ሀገሮችን ሰዎች ነበር። ራሳቸው የኢኮኖሚ ባለሙያ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ሚክሎሽ ኔሜት ለአጥሩ እድሳት የተጠየቀውን ገንዘብ ከበጀቱ አወጡት። ሜይ 2 ቀን 1989 ወታደሮች አጥሩን ማፍረስ ጀመሩ። ሆርንና ሞክ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሽቦውን ሲቆርጡ አብዛኛው አጥር አስቀድሞ ፈርሶ ነበር፤ የሁለቱ ሚኒስትሮች ተግባር ሥራው መሠራቱን ለዓለም ማሳያ ነበር። ነገር ግን ፎቶግራፉ በምሥራቅ ጀርመን ቤቶች ውስጥ በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ታየ። ለዕረፍት ወደ ሃንጋሪ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ምሥራቅ ጀርመናውያንም ወደ ሀገራቸው አንመለስም አሉ።

ሁለት ሰነዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ

የሆርን እውነተኛ ፈተና የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በጠረጴዛቸው ላይ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት ሰነዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ሃንጋሪ በ1969 ከምሥራቅ ጀርመን ጋር የተፈራረመችው ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት መሠረት የአንዱ ሀገር ዜጋ የመንግሥቱ የጉዞ ፈቃድ ሳይኖረው በሌላው በኩል ወደ ሦስተኛ ሀገር እንዳያልፍ መከልከል ግዴታ ነበር። ሁለተኛው የ1951 የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት ነው። ሃንጋሪ ይህን ስምምነት የተቀበለችው በማርች 1989 ሲሆን፣ ዋናው ምክንያትም ከሮማኒያ እየሸሹ ይመጡ የነበሩት የሃንጋሪ ተወላጆች ጉዳይ ነበር። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በጁን ወር ነው፤ ምሥራቅ ጀርመናውያን በብዛት ከመምጣታቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሰነድ የሚሟገተው ለመንግሥታት ወዳጅነት ሲሆን ሁለተኛው ለሰው ነበር። በሀገሪቱ ውስጥ ገና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሶቪየት ጦር ሰፍሮ ስለነበር፣ ምርጫው የሕግ ትርጓሜ ብቻ አልነበረም። ጊዜም አልነበረም። ኦገስት 19 በሾፕሮን አቅራቢያ በተዘጋጀ የሰላም ግብዣ ላይ ከ600 በላይ ምሥራቅ ጀርመናውያን ለጥቂት ሰዓታት በተከፈተ በር በኩል ወደ ኦስትሪያ አለፉ፤ በቦታው የነበሩት የድንበር መኮንን አርፓድ ቤላ ተኩስ እንዳይከፈት ወሰኑ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን በዚያው ድንበር አንድ ምሥራቅ ጀርመናዊ ከዘብ ጋር በተፈጠረ ትግል ሕይወቱ አለፈ። ውሳኔው በዘገየ ቁጥር የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት እንደሚሆን ግልጽ ሆነ።

ኦገስት 25 ኔሜትና ሆርን በምስጢር ወደ ምዕራብ ጀርመን በረሩ። በቦን አቅራቢያ በሚገኘው የጊምኒሽ ቤተ መንግሥት ከመራሔ መንግሥት ሄልሙት ኮልና ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሃንስ ዲትሪሽ ጌንሸር ጋር ተገናኝተው ድንበሩን ለመክፈት መወሰናቸውን አሳወቁ። ኦገስት 31 ሆርን ወደ ምሥራቅ በርሊን ተጉዘው ይህንኑ ለአቻቸው ለኦስካር ፊሸር ነገሩ። ምላሹ እንደሚጠበቀው ቁጣ ነበር። ሴፕቴምበር 10 ምሽት ሆርን በሃንጋሪ ቴሌቪዥን ቀርበው የ1969ኙ ስምምነት አግባብነት ያላቸው ክፍሎች መታገዳቸውንና ድንበሩ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለምሥራቅ ጀርመናውያን ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ።

በሦስት ቀናት ውስጥ ወደ 15 ሺህ ሰዎች ወጡ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታትም ቁጥሩ በአሥር ሺዎች ጨመረ። ኖቬምበር 9 የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ኦክቶበር 3 ቀን 1990 ጀርመን ተዋሐደች። የአኸን ከተማ የሻርለማኝ ሽልማትን በዚያው ዓመት ለሆርን ሰጠች። ድንበሩ በተከፈተ በሳምንቱ ደግሞ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1989፣ ሃንጋሪ በ1967 አቋርጣው የነበረውን ከእስራኤል ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት መልሳ ጀመረች።

ድንበሩ የተከፈተባት ዕለት ሴፕቴምበር 11 በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ነበረች። በኢትዮጵያ እንቁጣጣሽ ሲከበር በሾፕሮንና በአካባቢው የጀርመን ቤተሰቦች በመኪና ተሰልፈው ድንበር ይሻገሩ ነበር። ግጥጥሙ የዘመን አቆጣጠር ብቻ አይደለም። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚያው ዓመት በሜይ ወር፣ የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ በተካሄደባት ዕለት፣ ጉዟቸው ወደ ምሥራቅ ጀርመን ነበር። ለደርግ ዋና ደጋፊ ከነበሩት መንግሥታት አንዱ የሆነው የምሥራቅ በርሊን መንግሥት ከወራት በኋላ ሲፈርስ፣ አዲስ አበባ የቆመችበት መሬት አብሮ ተናወጠ።

ዕዳው ሲጠየቅ

ድንበር የከፈቱት ሰዎች በራሳቸው ሀገር በ1990 በተካሄደው ነጻ ምርጫ ተሸነፉ። የቀድሞውን ገዢ ፓርቲ የተካው የሶሻሊስት ፓርቲ በምክር ቤቱ ያገኘው 33 መቀመጫ ብቻ ነበር። ሆርን ሊቀ መንበርነቱን ተረክበው አራት ዓመት በተቃዋሚነት ቆዩ። በሜይ 1994 ምርጫ ከ386 መቀመጫዎች 209ኙን አሸነፉ። ከድምፅ መስጫው ጥቂት ቀናት በፊት በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድተው ስለነበር፣ ድሉን የተቀበሉት ጭንቅላታቸው በብረት ድጋፍ ታስሮ ነው። ብቻቸውን መግዛት እየቻሉ ከሊበራሎቹ ጋር ጥምር መንግሥት መመሥረታቸው የተሰላ እርምጃ ነበር፤ የቀድሞ ኮሚኒስቶች ተመልሰው መጡ የሚለውን የአበዳሪዎችና የምዕራባውያን ስጋት ለማብረድ የታሰበ ነው።

ፓርቲው የተመረጠው ከለውጡ በኋላ ኑሮ የከበደባቸው ሰዎች የቀድሞውን ዋስትና ስለ ናፈቁ ነበር። ሂሳቡ ግን ሌላ ይናገር ነበር። በ1994 መጨረሻ የውጭ ዕዳው ወደ 28 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ፣ የዓመቱ የውጭ ክፍያ ጉድለት ብቻ 4 ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያው ዲሴምበር ሜክሲኮ በገንዘብ ቀውስ ስትመታ፣ ቀጣይዋ ሃንጋሪ ትሆናለች የሚል ግምት በገበያው ተሰማ። ፖላንድ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር ተደራድራ በ1991 ግማሹን ዕዳዋን ለማሰረዝ ተስማምታለች። ሃንጋሪ ግን ተበድሬ አልከፍልም ያለችበት ጊዜ የለም የሚለውን ስሟን ለመጠበቅ ሙሉ በሙሉ መክፈልን መርጣ ነበር። የዚህ ምርጫ ዋጋ ሆርን በሚመሩት መንግሥት ላይ ወደቀ።

ሆርን ለወራት አመነቱ። በመጨረሻም ላዮሽ ቦክሮሽን የገንዘብ ሚኒስትር፣ ጊዮርጊ ሹራኒን የማዕከላዊ ባንክ ገዢ አድርገው ሾሙ። ማርች 12 ቀን 1995፣ እሑድ ዕለት፣ በሚኒስትሩ ስም የቦክሮሽ ጥቅል ተብሎ የሚታወቀው እርምጃ ይፋ ሆነ። የሀገሪቱ ገንዘብ ፎሪንት የምንዛሪ ዋጋው በአንድ ጊዜ በ9 በመቶ እንዲቀንስ፣ ከዚያም በየወሩ አስቀድሞ በተነገረ መጠን እንዲወርድ ተደረገ። በገቢ ዕቃ ላይ የ8 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ተጣለ። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ተጀመረ። ለሁሉም ቤተሰብ ይሰጥ የነበረው የልጆች ድጎማ በገቢ መጠን ተወሰነ። የኤሌክትሪክ፣ የጋዝና የቴሌኮም ድርጅቶች ድርሻም ለውጭ ባለሀብቶች ተሸጠ።

የምንዛሪ ቅነሳ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ብር በጁላይ 2024 ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከዚህ የሚላከው ገንዘብ በዚያ በብር ሲቆጠር መብዛቱን፣ በገበያ ደግሞ ዋጋ መወደዱን በሁለቱም ወገን ያየ ነው። የሃንጋሪ ደመወዝተኛ ግን ከውጭ የሚላክለት አልነበረም። በ1995 የዋጋ ግሽበቱ 28 በመቶ ደረሰ፤ የደመወዝ የመግዛት አቅም በአንድ ዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወረደ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ዜጎች በሕግ ያገኙትን ጥቅም መንግሥት በድንገት ሊነጥቃቸው አይችልም በማለት የጥቅሉን አንዳንድ ክፍሎች ሻረ። ቦክሮሽም አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሥልጣን ለቀቁ።

በሌላ በኩል የውጭ ክፍያ ጉድለቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ፤ የምንዛሪ ገበያው ተረጋጋ፤ ከ1997 ጀምሮም ኢኮኖሚው በግልጽ አንሰራራ። ሀገሪቱን ከክስረት አዳነ የሚሉም፣ ሸክሙን ለድሆች አሸከመ የሚሉም ማስረጃ አላቸው። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ የሚሻል ይመስላል፤ ሀገሪቱ ድናለች፣ የዳነችበትን ዋጋ የከፈሉት ግን በአብዛኛው በሆርን ተስፋ አድርገው የመረጧቸው ሰዎች ናቸው።

ጎረቤትና ጥምረት

በውጭ ፖሊሲ ሆርን የዲፕሎማትነት ልምዳቸውን ተጠቀሙበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሰመረው ድንበር ምክንያት በጎረቤት ሀገሮች ለሚኖሩት ሃንጋሪያውያን መብት እየተከራከሩ፣ ያንን ድንበር ግን በፊርማቸው አጸኑ። ከስሎቫኪያ ጋር በ1995፣ ከሮማኒያ ጋር በ1996 የጉርብትና ውል ተፈረመ። ተቃዋሚዎች ወገኖቻችንን ተውክ ብለው ወቀሷቸው። መንግሥት ግን ከጎረቤቶቹ ጋር የድንበር ጥያቄ ያለበት ሀገር የአውሮፓ ኅብረትም የኔቶም አባል ሊሆን እንደማይችል ያውቅ ነበር። በኖቬምበር 1997 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት 85 በመቶው ኔቶን መቀላቀልን ደገፉ። ከኅብረቱ ጋር የአባልነት ድርድር በማርች 1998 ተጀመረ። የሶቪየት ትምህርት ቤት ምሩቅ የሆኑት ሰው ሀገራቸውን ወደ ምዕራቡ ጥምረት ደጃፍ አድርሰው፣ በዚያው ዓመት ሜይ በተካሄደው ምርጫ ተሸነፉ። ያሸነፏቸው የ34 ዓመቱ ቪክቶር ኦርባን ነበሩ።

ያልተዘጋው መዝገብ

ስለ ሆርን ሲጻፍ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ምዕራፍ አለ። የ1956ቱ ሕዝባዊ አመፅ በሶቪየት ታንኮች ከተደመሰሰ በኋላ፣ አዲሱን መንግሥት ለማጽናት የተቋቋሙ የታጠቁ ጓዶች ነበሩ። ሕዝቡ በለበሱት በጥጥ የተሞላ ካፖርት ስም ይጠራቸዋል፤ በጭካኔያቸውም ያስታውሳቸዋል። ሆርን ከ1956 መጨረሻ እስከ 1957 በእነዚህ ጓዶች ውስጥ አገልግለዋል። ይህንን አልካዱም፤ ነገር ግን ሥልጣን ሊያስለቅቃቸው የሚገባ ጥፋት አድርገው አልተቀበሉትም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ የባለሥልጣናትን የቀድሞ ታሪክ የሚመረምሩት ዳኞች ከሥልጣን እንዲወርዱ ቢጠይቁም አሻፈረኝ አሉ። በ2007፣ 75ኛ ዓመት ልደታቸው ሲከበር፣ መንግሥት ከፍተኛ ኒሻን እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቀረበ። ፕሬዚዳንት ላስሎ ሾዮም ግን ሆርን ስለ 1956 ያላቸውን አቋም ጠቅሰው አልሰጥም አሉ። ጀርመን ያከበረቻቸውን ሰው የሀገራቸው ርእሰ ብሔር ሳያከብሯቸው ቀሩ። ሆርን ከረጅም ሕመም በኋላ ጁን 19 ቀን 2013 አረፉ።

ሁለቱም ፍርዶች ስለ አንድ ሰው የተነገሩ እውነቶች ናቸው። በ24 ዓመቱ ሕዝብን ለማስፈራራት በተሰለፈ ጓድ ውስጥ የቆመ ሰው፣ በ57 ዓመቱ ሕዝብ እንዲያልፍ በር ከፈተ። የኋለኛው የፊተኛውን አይሰርዘውም፤ የፊተኛውም የኋለኛውን ከንቱ አያደርገውም።

ሽቦው ሲመለስ

በ2015 የበጋ ወራት ከሶሪያ፣ ከአፍጋኒስታንና ከሌሎች ሀገሮች የተነሡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሃንጋሪ በኩል አለፉ። የኦርባን መንግሥት ከሰርቢያ ጋር በሚያዋስነው ወደ 175 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ድንበር ላይ አጥር አቆመ፤ መስመሩም በሴፕቴምበር አጋማሽ ተዘጋ። ብዙዎች ይህን ከ1989 ጋር አነጻጽረው ክህደት አሉት። ንጽጽሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1989 የወጡት ሰዎች ምዕራብ ጀርመን እንደ ራሷ ዜጎች የምትቆጥራቸው፣ መድረሻቸው የታወቀና ተቀባያቸው በር ላይ የቆመ ነበር። በ2015 የመጡት ማን እንደሚቀበላቸው አውሮፓውያን ራሳቸው አልተስማሙም። ሃንጋሪም ከ2007 ጀምሮ የሼንገን አካባቢ የውጭ ጠርዝ ስለሆነች፣ ድንበሯን የመጠበቅ የስምምነት ግዴታ አለባት።

ሆኖም በሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሰነዶች አሁንም ሁለት ናቸው፤ ድንበርን ጠብቅ የሚለውና የተሰደደውን ጉዳይ ስማ የሚለው። በ1989 የቡዳፔሽት መንግሥት ሁለተኛውን አስቀደመ። በ2024 ፍርድ ቤቱ የቀጣው ድንበር በመጠበቁ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ሰነድ ይዞ ሁለተኛውን እንደሌለ በመቁጠሩ ነው።

ከሀገሩ ርቆ በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሕይወቱ መንግሥታት በተፈራረሙት ወረቀት ላይ የቆመ ነው፤ ወረቀቶቹ በተጋጩ ዕለት ደግሞ የትኛው እንደሚነበብ የሚወስነው አንድ ባለሥልጣን ነው። ጊዩላ ሆርን ቅዱስ አልነበሩም። ነገር ግን የሚወስኑበት ቀን በደረሰ ጊዜ ያነበቡት የሰውን ወረቀት ነበር።